የያኩሚስ ቅዳሜዎች

«ቀበራችሁት?» አለች አኔዚና።

ከበሩ መቃን ተደግፋ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ጥቁር ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ አቧራ ጠጥቷል። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ቡናው ገና መዞሩ ነበር። ሴቶቹ ስኒያቸውን ጭናቸው ላይ እንደያዙ ወደ በሩ ዞሩ፤ በረንዳው ላይ ኮኛክ ይዘው የቆሙት ወንዶችም አንገታቸውን ወደ ውስጥ አሰገጉ። ሁሉም ያውቃታል። የሟቹ የያኩሚስ ታላቅ እህት ናት። ከተራራው አናት ካለችው ከአኖ ፔትራ መንደር፣ የድሮውን የበቅሎ መንገድ ይዛ በእግሯ ወርዳ መምጣቷ ነው። ሰማንያን አልፋለች።

የሟቹ ልጅ ቫርቫራ፣ ደረቅ ዳቦ የተደረደረበትን ትሪ እንደያዘች ተጠጋቻት። ከአቴና የገባችው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ዓይኗ አብጧል።

«አክስቴ፣ ሙቀቱ ከባድ ነበር። ደግሞ መኪና ልከንልሽ ሰውየው ባዶውን ተመለሰ።»

«መኪና» አለች አኔዚና፤ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ይመስል። «ቅበሩት ያለው ማነው?»

ጎረቤታቸው ፖታ ስኒዋ ውስጥ የጠፋባት ነገር ያለ ይመስል አቀረቀረች።

«እኔ ነኝ» አለች ዛምቤታ።

ዛምቤታ የሟቹ ሚስት ናት። ለሐዘኑ ጨርቅ ከተጋረደበት መስታወት አጠገብ፣ ከባሏ ፎቶግራፍና ከትንሿ የዘይት መብራት ጎን ተቀምጣለች። የተናገረችው እውነቱን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አባ ሌፍቴሪስ ጠጋ ብለው፣ «እመት ዛምቤታ፣ እህቱ በእግሯ ተነስታለች አሉ፤ እንጠብቃት ወይ?» ሲሏት፣ «እንቅበረው፣ አባቴ» ያለችው እሷ ናት። ቃሉ ከአፏ የወጣበት ፍጥነት ለራሷም ገርሟታል።

አኔዚና ትኩር ብላ አየቻት፤ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። ቫርቫራ የሰጠቻትን ውሃ እንደቆመች ጠጣች። ቡናም ወንበርም አልፈለገችም። «ነፍሱን ይማር፤ ለእናንተ ዕድሜ ይስጣችሁ» ብላ ወደ መቃብሩ ሄደች። ያን ቀን በወንድሟ ቤት አላደረችም። አጥሩን ተሻግራ ፖታ ቤት አደረች፤ ጎህ ሲቀድም ሳትሰናበት ወደ ተራራዋ ወጣች።

በማግስቱ፣ ለቅሶው ባለባት የደሴት መንደር በሊማናኪ ሌላ ወሬ አልነበረም። ለቅሶ ደራሾቹ ይገባሉ፣ የዛምቤታን እጅ ይጨብጣሉ፣ «እግዜር ያጥናሽ» ይላሉ፣ ቡናቸውን ያለ ስኳር ይጠጣሉ፤ ከዚያ ጥግ ይዘው ይንሾካሾካሉ።

«የወንድሟ አልጋ እያለ ሰው ቤት ማደር ምን ይሉታል?»

«ምን ታድርግ፣ አልጠበቋትም።»

«እሷስ ብትሆን አንድ ቀን መኪና ብትገባ ምን ነበረበት? ለገዛ ወንድሟ ቀብር።»

«እሱን ተይው። አንቺ ብትሆኚ ትገቢ ነበር?»

ዛምቤታ ሁሉንም ትሰማለች። ጆሮዋ ደህና ነው፤ ችግሯ ጉልበቷ ላይ ነው። ሰዉ ቀለል ሲል ቫርቫራ አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ያዘች።

«እማዬ፣ ለምን አልጠበቅናትም?»

«ሙቀቱ አላልሽም?»

«እኔማ ልሸፍንልሽ ብዬ ነው።»

ዛምቤታ ቀሚሷን በመዳፏ አስተካከለች። ምን ብላ ትንገራት? ለልጅ የሚነገር ነገር አይደለም። በአንዲት አሮጊት፣ ያውም በባሏ እህት ስትቀና መኖሯን እንዴት ታወራለች?

ነገሩ የቅዳሜ ነው። ያኩሚስ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ውሎ አያውቅም። ጠዋት ቡናውን ፉት ብሎ፣ ዳቦና አይብ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንደ ወቅቱ በለስ ወይ ብርቱካን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ፣ ከቤቱ ጀርባ በሚጀምረው የበቅሎ መንገድ ሽቅብ ይወጣል። አኖ ፔትራ እህቱ ዘንድ ውሎ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። ዝናብ፣ ንፋስ፣ ዓመት በዓል አይል። ዛምቤታ በር ላይ ትቀበለውና ሁልጊዜ ያንኑ ትጠይቃለች።

«ዛሬ ደግሞ ምን አበላችህ?»

«ሽምብራ» ይላል፣ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያወለቀ። «በሸክላ ድስት ምድጃ ውስጥ ያደረ። የጥብስ ቅጠል ገብቶበታል። ሽታው እስከ መንገዱ ይመጣል።»

ሌላ ቀን ጥንቸል ይሆናል፤ በትንንሽ ሽንኩርት የተሠራ፣ ቀረፋ ያለበት። ሌላ ቀን ሩዝ የተሞላ ቲማቲም። ያኩሚስ ቁጥብ ሰው ነው፤ ስለ ዓሣው፣ ስለ ወይኑ፣ ስለ ልጁ ትዳር እንኳ ብዙ አያወራም። ስለ እህቱ ድስት ግን ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያወራል። ዛምቤታ ውስጧ እየነደደ ትሰማለች። እራት ስታቀርብለት ደግሞ ሳህኑን ጠርጎ ይበላል።

«ያ ሁሉ ሽምብራ የት ገባ?» ትለዋለች።

«መንገዱ ያስርባል።»

አንድ ጊዜ እልህ ያዛትና ራሷ ሽምብራ ሠራች። የጥብስ ቅጠል ከተችበት፤ ምድጃ ውስጥ አሳደረችው። ያኩሚስ በላ፤ «ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞር አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዛምቤታ ቤቷ ውስጥ ሽምብራ ሠርታ አታውቅም።

የቅዳሜው ጉዞ ለምን እንደተጀመረ ግን መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ ዛምቤታም ታውቃለች። አዲሱ አስፋልት ደሴቲቱን ዞሮ አኖ ፔትራ በደረሰበት ዘመን፣ የመጀመሪያውን የጭነት መኪና ያመጣው ያኩሚስ ነበር። ሰማያዊ ነበረች። ሲሚንቶ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ሙሽራ፣ ፍየል፣ ያልጫነባት ነገር የለም። አኔዚና ባሏን ባሕር ላይ ያጣች ሴት ናት፤ ያላት ሚኬስ የሚባል አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነበር። ሚኬስ ለውትድርና ተጠራ። ከወደቡ ጀልባ ሊይዝ አጎቱ ጎን ጋቢና ገባ። እናቱ የጠቀለለችለትን ስንቅ በመስኮት ተቀብሎ፣ «ቤት ግቢ እንጂ፣ ነፋስ ነው» አላት አሉ። ከመንደሩ በታች ካለው መታጠፊያ ላይ መኪናዋ ተንሸራተተች። ያኩሚስ ቁጥቋጦ ላይ ተወርውሮ ተረፈ። ሚኬስ አልተረፈም።

ያኩሚስ ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም። አኔዚና ከዚያ ወዲያ መኪና ውስጥ አልገባችም። ሰዉ ሁሉ ወደ አስፋልቱ ሲዞር የበቅሎው መንገድ ተረስቶ ነበር፤ ካቡ ተንዶበት፣ እሾህ ውጦት፣ የፍየል መሄጃ እንኳ አልነበረም። ያኩሚስ ማጭድና መዶሻ ይዞ ገባበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሄድ ጥቂት እሾህ ያጭዳል፤ ሲመለስ ጥቂት ድንጋይ ወደ ቦታው ይመልሳል። በዓመታት ውስጥ መንገዱ ተከፈተ። ኋላ ላይ ቦርሳ ያዘሉ የውጭ አገር ሰዎች አገኙት። ደሴቲቱን በእግር ማየት የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ በጸደይና በመስከረም ይመጣሉ፤ በዱላ እየተመረኮዙ በዛምቤታ ኩሽና መስኮት ስር «ካሊሜራ»፣ ደህና አደራችሁ፣ እያሉ ያልፋሉ። ቡና ቤት ውስጥ ወንዶቹ ያኩሚስን ይቀልዱበት ነበር።

«ጋሽ ያኩሚስ፣ ፈረንጅ ይዘህ ትወጣለህ፣ ለእኛ ግን አንድ ቀን አታስጎበኘንም።»

«እናንተማ ከወንበር እስከ ሽንት ቤት ያለውንም በታክሲ ነው የምትሄዱት» ይላቸዋል።

ማክሰኞ ጠዋት ጓሮው ውስጥ የወይኑን ሐረግ እያየ እያለ አረፍ አለ፤ በዚያው አልተነሳም።

ዓርብ ቀን ለሦስተኛው ቀን ጸሎት መቃብሩ ላይ ቆሙ። ፖታና ቫርቫራ የስንዴ ንፍሮውን አዘጋጁ። ስንዴው ተቀቅሎ፣ በጨርቅ ላይ ደርቆ፣ ዘቢብና ለውዝ፣ የሮማን ፍሬም ገባበት፤ ከላይ ነጭ ስኳር ተነሰነሰበት። አባ ሌፍቴሪስ ባረኩት፤ ሕዝቡ በትንንሽ ወረቀት እየተቀበለ «ነፍሱን ይማር» እያለ በላ። አኔዚና አልመጣችም። ዛምቤታ ደጋግማ ወደ ተራራው ስታይ ፖታ ታዘበቻት።

«ምን ታያለሽ?»

«ምንም። ደመናውን።»

ሰማዩ ላይ አንድም ደመና አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ቫርቫራ የቡና ስኒ ስታጥብ በመስኮቱ ስር የዱላ ድምፅ ተሰማ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለቱም ፀጉራቸው የሸበተ፣ ፊታቸው በፀሐይ የቀላ። ሴትየዋ በኮልታፋ ግሪክኛ ጠየቀች።

«ደህና አደራችሁ። ያኩሚስ ቤት አለ? ዛሬ ቅዳሜ። እኛ ከሆላንድ፣ በየዓመቱ መስከረም እንመጣለን። እሱ በለስ ይሰጣል፣ አብረን እንሄዳለን።»

ቫርቫራ እጇን ሳታደርቅ ወጣች። ዛምቤታ ከውስጥ ሆና የልጇን ዝቅ ያለ ድምፅ ሰማች። ወደ መስኮቱ ስትቀርብ ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ሴትየዋ አፏን በእጇ ሸፍና ቆመዋል።

«እኛ ይቅርታ» አለች ሴትየዋ። «እኛ አኖ ፔትራ እንሄዳለን። በሱ መንገድ። ስለ እሱ እያሰብን።»

ዛምቤታ ለምን እንደዚያ እንዳለች ኋላም መግለጽ አልቻለችም።

«ጠብቁኝ» አለች።

ቫርቫራ ተከትላት ኩሽና ገባች። «እማዬ፣ የት ነው የምትሄጂው? ጉልበትሽስ? እኔ በመኪና ላድርስሽ።»

«በመኪና ሄጄ ፊቷ ላይ ልቁም?»

ዛምቤታ የቀረውን ንፍሮ ክዳን ባለው ሳህን አድርጋ በጨርቅ ቋጠረችው። አጥሩ ላይ ፖታ ቀድማ ደርሳለች።

«ሴት ወይዘሮ በሐዘኗ ሳምንት ከቤት ትወጣለች እንዴ? ያውም ከፈረንጅ ጋር፣ በጫካ?»

«ፖታ፣ እሷን አንድ ሌሊት ያሳደርሻት አንቺ ነሽ። እኔ ደግሞ ቀን ብቻ እሷ ዘንድ ልዋል» አለችና አልፋት ሄደች።

ዛምቤታ ከመንገዱ ጫፍ ላይ አርባ ዓመት ኖራለች፤ ከመጀመሪያው ጸሎት ቤት በላይ ግን የወጣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አዲስ ሙሽራ ሳለች፣ ለአኖ ፔትራ ንግሥ፣ በበቅሎ ተቀምጣ። አሁን ሆላንዳዊው ፊት ፊት ይሄዳል፤ ሴትየዋ፣ ስሟ ሚኔክ ነው፣ ከጎኗ ሆና ክንዷን ትደግፋለች። ደረጃው ከሰፋፊ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ መሀሉ በበቅሎ ኮቴ ተፍቆ ጎድጉዷል። በግራና በቀኝ የድንጋይ ካብ አለ። ከካቡ ማዶ ማንም የማያርሰው እርከን ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ጦስኙ ፀሐይ ሲነካው ሽታው አፍንጫ ይሞላል።

«ወደ ግራ ነው ወይስ ወደ ቀኝ?» አለች ዛምቤታ፣ አንድ አሮጌ አውድማ ጋ ሲደርሱ መንገዱ ለሁለት ሲከፈል።

ሚኔክ ሳቅ አፈናት፤ ወዲያው ደነገጠች። «ይቅርታ። እመት፣ አንቺ ያገሩ ሰው።»

«ያገሩ ሰውማ ነኝ። ያገሩ ሰው ቤቱ ነው የሚቀመጠው» አለች ዛምቤታ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። «በሉ ምሩኝ።»

ሚኔክ እየሄደች ታሳያታለች። እዚህ ጋ ካቡ ወድቆ ነበር፣ እሱ ሠራው፤ ባለቤቴ ድንጋይ ሲያቀብለው እጁን አደማ፣ ያኩሚስ ሳቀበት። እዚህ ምንጩ ጋ ፊቱን ይታጠባል። እዚህ ዛፍ ስር ዳቦውን ያወጣል፤ ግማሹን ይበላል፣ ግማሹን መልሶ ይቋጥራል።

«ግማሹን ለምን?» አለች ዛምቤታ። «ምሳውን እዚያ አይደል የሚበላው?»

«አላውቅም። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ልማድ።»

ከምንጩ በላይ መንገዱ ገደሉን ይዞ ይዞራል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ሚኔክ ቀስ አለች። ከታች፣ በጣም ከታች፣ አስፋልቱ እንደ ጥቁር መቀነት ይታጠፋል። መታጠፊያው ላይ የወፍ ቤት የሚያህል ነጭ የመታሰቢያ ሣጥን ቆሟል፤ ከዚህ ሆኖ በደንብ ለሚያየው፣ ውስጡ መብራት ያለ ይመስላል።

«እዚህ ሁሌ ይቀመጣል» አለች ሚኔክ። «አይናገርም። እኛ ደከመው ብለን ውሃ ሰጠነው። አይጠጣም። እኛም ዝም ብለን አብረን እንቀመጣለን።»

ዛምቤታ አማተበች። የሚኬስን ታሪክ አልነገረቻቸውም። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፤ ሆላንዳውያኑም ከጎኗ፤ ሦስቱም ወደ ታች እያዩ ቆዩ። እሷ በዓመት ሁለት ጊዜ በአውቶቡስ በዚያ መታጠፊያ ታልፋለች፤ ሁልጊዜ ዓይኗን ወደ ባሕሩ ታዞራለች። እሱ ግን በእግሩ ወጥቶ፣ ልክ ከፊቱ ቁጭ ብሎ ያየው ነበር። ይህን ነገር ለሚስቱ አንድም ቀን አላወራም።

አኖ ፔትራ ሲደርሱ ተሲያት ሆኗል። ሆላንዳውያኑ አደባባዩ ጋ እጇን ይዘው ተሰናበቷት፤ ሚኔክ ጉንጯን ሳመቻት። የአኔዚና ቤት የመንደሩ መጨረሻ ነው። በሩ ዝግ ነበር። ፊት ለፊቱ፣ በእንጆሪ ዛፍ ጥላ ስር አጭር ካብ አለ። የዛምቤታ ጉልበት ከዚህ በላይ እምቢ አለ፤ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ካቡ ላይ ዘፍ አለች።

ያኔ ሽታው መጣ። በመስኮቱ ተሻግሮ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ እንደ ሰው መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ሽምብራ ነው። ምድጃ ውስጥ ያደረ፤ የጥብስ ቅጠል ያለበት።

በሩ ተከፈተ። አኔዚና ጨርቅ በእጇ እንደያዘች ደፉ ላይ ቆመች።

«እዚያ ላይ አትቀመጪ» አለች።

ዛምቤታ ደንግጣ ለመነሣት ሞከረች። «ጉልበቴ ነው… ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ…»

«ግቢ። እባክሽ ግቢ። እዚያ ላይ ሰው ተቀምጦ ማየት አልችልም።»

መጥታ ራሷ አነሣቻት። ሁለት አሮጊቶች ተደጋግፈው ገቡ። ቤቱ ትንሽ ነው፤ ግድግዳው ላይ የወታደር ልብስ ለመልበስ ያልታደለ ልጅ ፎቶግራፍ አለ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ቀርቧል።

«ሰው ትጠብቂያለሽ?»

«ቅዳሜ ነው» አለች አኔዚና። «እጄ አልሰማ አለኝ። ሁለት ሳህን አወጣ።»

ዛምቤታ ቋጠሮዋን ፈታች። በማንኪያ ከንፍሮው ተራ በተራ ቀመሱ። «ነፍሱን ይማር።» «ነፍሱን ይማር።» ከዚያ አኔዚና ሽምብራውን አወጣች። ዛምቤታ አንድ ጊዜ ጎረሰች። ማንኪያዋን ያዝ አድርጋ ቆየች።

«ይሄን ሽምብራ ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ» አለች። «ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይነግረኛል። ሽምብራው፣ ጥንቸሉ፣ ቀረፋው። እኔማ መሥራቱን ተውኩት። ይሄን ሁሉ ተራራ ወጥቶ አንቺ ዘንድ ለሚበላ ሰው ምን ልሥራለት?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የነገረሽ?»

«ከመጀመሪያው ቅዳሜ።»

አኔዚና ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የመጀመሪያው ቅዳሜ የሚኬስ አርባ እንኳ አልወጣም ነበር። ዛምቤታ፣ እኔ በር አልከፈትኩለትም።»

«ያን ቀን?»

«ያን ቀን። በሚቀጥለውም ቅዳሜ። ዓመቱን በሙሉ። ከዚያም ብዙ ዓመት። ይመጣል፤ ያንኳኳል፤ ‹አኔዚና፣ እኔ ነኝ› ይላል። ዝም እላለሁ። ሄዶ ካቡ ላይ ይቀመጣል። ዳቦውን ይበላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በለሱን ደፉ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። በለሱን ለዶሮ እሰጠዋለሁ።»

ዛምቤታ ጨው በዛው፣ ጨው አነሰው ብሎ እንደማያውቅ አስታወሰች። ሁልጊዜ ስለ ሽታው ነበር የሚያወራው።

«አንቺስ» አለች ቆይታ፣ «አንቺ ለራስሽ ጥንቸል ትሠሪ ነበር?»

አኔዚና ወደ ግድግዳው አየች። «ለአንድ ሰው ማን ጥንቸል ይሠራል? መምጣቱን አውቃለሁ። ዓርብ ማታ ድስቱን እጥዳለሁ። የሚወደውን ነው የምሠራው፤ ልጅ ሆነን እናታችን የምትሠራለትን። ከዚያ ሲመጣ አልከፍትም። መስኮቱን ግን አልዘጋም። ምን እንደሆንኩ አላውቅም። እንዲሸተውና እንዳይበላው ነበር መሰለኝ የምፈልገው። ወይ ደግሞ እንዲሸተው ብቻ።»

ውጭ ዶሮ ጮኸች። አኔዚና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አንድ ክረምት በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ያዘን። ዛሬስ አይመጣም አልኩ። በመስኮት ሳይ ማዳበሪያ ራሱ ላይ ጥሎ እዚያ ተቀምጧል። ተናደድኩ። በሩን በርግጄ ወጣሁና ‹ታመህ ልትሞትብኝ ነው? አንድ ሬሳ አልበቃኝም?› አልኩት። ጎትቼ አስገባሁት። ሽምብራ ነበር። አቀረብኩለት። እንባው እየወረደ በላ፤ እኔም ቆሜ አየሁት። ሲጨርስ አፉን ጠርጎ ምን አለኝ መሰለሽ?»

«ምን አለሽ?»

«‹ልክ ለዛምቤታ እንደነገርኳት ነው የሚጣፍጠው› አለኝ።»

ዛምቤታ ሳቀች። ሐዘን ላይ መሆኗ ትዝ ሲላት አፏን በመሐረቧ ሸፈነች፤ ሳቁ ግን ትከሻዋን እያናወጠ ቀጠለ፤ ከዚያ ሳቅ መሆኑ ቀረና ለቅሶ ሆነ። በቀብሩ ቀን እንኳ እንደዚህ አላለቀሰችም። አኔዚና ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ለምን አልነገረኝም?» አለች ዛምቤታ።

«ቢነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

«መጥቼ ፀጉርሽን እነጭልሽ ነበር።»

«እሱም ያንኑ ነው ያለኝ።»

ሽምብራው በረደ። ዛምቤታ መሐረቧን አጥፋ መልሳ ዘረጋችው።

«ረቡዕ ዕለት… አባ ሌፍቴሪስ እንጠብቃት ብለውኝ ነበር። ልጠብቅሽ እችል ነበር።»

«ምንጩ ጋ ነበርኩ ደወሉን ስሰማ» አለች አኔዚና። «እዚያው ቁጭ አልኩ። እስክደርስ ድረስ የምልሽን ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። ያን ያህል ዘመን ወንድሜን ደጅ ያስቀመጥኩ ሴት፣ አንድ ቀን ደጅ ብቀር ምን አፍ አለኝ? ፖታ ቤት ተኝቼ ነው ይሄ ሐሳብ የመጣልኝ። ልሰናበትሽ ፈልጌ ነበር። አፈርኩ።»

«እኔም አፍሬያለሁ።»

«እንግዲህ እኩል ነን። ብይ፣ ላሙቀው?»

«አትልፊ። እንዲሁ ጥሩ ነው» አለች ዛምቤታ፤ በላችም። ጨው ትንሽ አንሶታል። አልተናገረችም።

ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ስታዘነብል ከአደባባዩ የመኪና ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ቫርቫራ ናት፤ እናቷ በእግሯ እንደማትመለስ አውቃ መጥታለች። አኔዚና ድምፁን ስትሰማ ትከሻዋ ኩምትር አለ። ባዶውን ሳህን አጥባ፣ ከሽምብራው ሞልታ፣ በጨርቁ መልሳ ቋጠረችው።

«ለቫርቫራ» አለች። «ለሚመጣው ቅዳሜ ጥንቸል እሠራለሁ። ትበያለሽ?»

«እበላለሁ። ጉልበቴ ከፈቀደ እስከ ምንጩ በእግሬ፣ ከዚያ አንቺ ወርደሽ ትቀበይኛለሽ።»

«እቀበልሻለሁ።»

ዛምቤታ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሣች። ወደ በሩ ስትራመድ አኔዚና፣ «ቆይ፣ ቁሚ» አለቻት። ዛምቤታ ዞር ብላ ስታይ የጥቁር ቀሚሷ ጠርዝ ዙሪያውን ጭጎጎት ይዞታል፤ ከመንገዱ ለቃቅማው የመጣችው ነው። አኔዚና አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ተንበረከከች። ጥሩምባው እንደገና ጮኸ። አልቸኮለችም። ጨርቁን በጣቷ ይዛ እሾሁን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች፤ ከወንድሟ ሱሪ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትለቅም እንደኖረችው፣ ክሩን ሳትስብ። ለቅማ ስትጨርስ መዳፏ ላይ ያለውን፣ ከወንድሟ መንገድ የመጣውን ጭጎጎት አየችው። በሩ ክፍት ነበር፤ ውጭ መድፋት ትችል ነበር። መዳፏን ጨበጠችና የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።